ሳይክል ይፈታል፣ ፊደል ግን እንቢ አለው

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። የ11 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ዘንድሮ 4ኛ ክፍልን ደግሞ እየተማረ ነው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በዜማ አንድም ሳይስት ይወርደዋል፤ ከመሃል አንዷን ነጥዬ "ይቺ ማን ናት?" ስለው ግን ትጠፋበታለች። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጎቱ ሳይክል መጠገኛ ይሄዳል። አጎቱ "የትልቅ ሰው እጅ ነው ያለው" ይለኛል። አስተማሪው "አእምሮው ይዘገያል" አሉኝ። አባቱ ሰነፍ ነው ብሎ ይቆጣዋል። ጎረቤት ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል ውሰጂው ይለኛል። ውጭ አገር ያለች ዘመዳችን "ዲስሌክሲያ ይሆናል፣ እንደሱ ያሉ ልጆች ልዩ ተሰጥኦ አላቸው" አለችኝ። እጁ ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ትምህርቱን ትቶ አጎቱ ጋ ይግባ? ጨንቆኛል።»

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ ትምህርቱን አያስትቱት። አጎቱ ጋ መሄዱንም አይከልክሉት። ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ እንዲያውም ንባቡን የምናስይዘው በዚያ በሳይክል በሚሠራው እጁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ችግሩ ምን እንደሆነ እንለየው።

በደብዳቤ ሆነን «ዲስሌክሲያ ነው»፣ ማለትም አእምሮው ሳይዘገይ ማንበብ ለይቶ የሚከብደው ልጅ ነው ብለን መፍረድ አንችልም። መጀመሪያ ዓይኑና ጆሮው ይታይ። ሰሌዳው የማይታየው፣ ወይም በጆሮ ሕመም የተነሳ «ተ»ን እና «ጠ»ን ለይቶ የማይሰማ ልጅም ንባብ ይቸግረዋል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ብዙ ቀን ቀርቶ እንደሆነ፣ ወይም ክፍሉ ተጨናንቆ ማንም አጠገቡ ቁጭ ብሎ አስነብቦት የማያውቅ እንደሆነ ያስታውሱ። በአገራችን በቂ ትምህርት ባለማግኘት ብቻ ሳያነቡ 3ኛ ክፍል የሚደርሱ ልጆች ብዙ ናቸው። እነዚህ በሙሉ ደህና ሆነው ልጁ አሁንም ፊደል የሚሸሸው ከሆነ፣ የዘመድዎ ጥርጣሬ ሚዛን ይደፋል።

በጽሑፍዎ ውስጥ አንድ ጥሩ ምልክት ሰጥተውናል። በዜማ መውረድና ፊደል መለየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዜማው የጆሮ ትውስታ ነው፤ ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሲል ፊደሏን ሳያያት ሊያልፋት ይችላል። የኔታዎች ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር። ሀሁን የጨረሰ ተማሪ ወዲያው ወደ ንባብ አይገባም ነበር፤ ፊደሉም ተራውም የተደበላለቀበት «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይቀርብለታል። ዜማው ሲፈርስ የትኛው ተማሪ ፊደሏን በዓይኑ እንደያዛት፣ የትኛው በጆሮው ብቻ እንደሚከተል ይለያል። እርስዎም ነገ ይሞክሩት። 20 ፊደላት በትንንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው ይበውዙና አንድ በአንድ ያሳዩት። የሳታቸውን ብቻ ሳይሆን ምን ብሎ እንደሳታቸውም ይጻፉ። «ቡ»ን «ቢ» ካለ ፊደሏን አውቋታል፣ የጠፋችበት እግሯ ናት። «ነ»ን «ኘ»፣ «ተ»ን «ቸ»፣ «ሰ»ን «ለ» ካለ የተመሳሳይ ቅርጽ ችግር ነው። መጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይቶ «ደብተር» የሚለውን «ደብዳቤ» ካለ ደግሞ እያነበበ ሳይሆን እየገመተ ነው። እነዚህ ሦስት ስህተቶች ሦስት የተለያየ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ ሁሉንም «አይችልም» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ልጁን ይበድላል።

ዲስሌክሲያ የዓይን በሽታ አይደለም፤ የአእምሮ መዘግየትም አይደለም። ዋናው ችግር የቃልን ድምፆች በትኖ መያዝና ከጽሑፍ ምልክት ጋር ቶሎ ማገናኘት ላይ ነው። በዘር ይወርዳል። ግምቱ እንደ መለኪያው ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ ይነገራል። ጸበል መውሰድ የእምነትዎ ጉዳይ ነውና አንከለክልዎትም፤ ለዚያ ተብሎ ግን የንባብ ልምምዱ አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥ።

«አእምሮው ይዘገያል» ላሉት አስተማሪ አንድ ታሪክ ቢነግሯቸው ደስ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፐርሲ ስለሚባል የ14 ዓመት ልጅ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ጻፈ። ልጁ ብሩህ ነው፣ በጨዋታ ከእኩዮቹ አያንስም፣ ሒሳብ አይከብደውም፤ የገዛ ስሙን ሲጽፍ ግን ፊደላቱን ያፋልሳቸው ነበር። ለዓመታት ያስተማረው መምህር፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ በሆነ ነበር ሲል መስክሮለታል። ያ መምህር ልጁ የማይችለውን ብቻ ሳይሆን የሚችለውንም አይቶ ነበር።

ዘመድዎ «ልዩ ተሰጥኦ አላቸው» ያሉት ላይ ግን ጥንቃቄ እንፈልጋለን። በአንዳንድ ጥናቶች ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች በሥዕል ላይ ብቻ ሊኖር የሚችል፣ በእውን ሊሠራ የማይችል ቅርጽ ሲያዩ ከሌሎች ፈጥነው ለይተዋል። ቦታና ቅርጽን በሚመለከቱ ሌሎች ፈተናዎች ግን ምንም ብልጫ ያላሳዩበት ጥናትም አለ። ስለዚህ ዲስሌክሲያ ያለበት ሁሉ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ ሆኖ ይወለዳል የሚለው እውነት አይደለም። ይህ አባባል ልጅንም ይጎዳል፤ ንባቡ ያቃተው ሳያንስ «ታዲያ ተሰጥኦህ የታለ?» ተብሎ ሁለተኛ ዕዳ ይጫንበታል። ችሎታውን ከዝነኛ ሰዎች ዝርዝር ሳይሆን ከራሱ ከልጁ ላይ ፈልጉት።

ፍለጋው ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አንድ ደብተር ይግዙ፤ ገጹን መሃል ለመሃል በመስመር ይክፈሉት። በአንድ በኩል ልጁ የሠራውን፣ በሌላው በኩል ያ ሥራ ምን እንደጠየቀው ይጻፉ። «ጎበዝ ነው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ከዚያ ቃል ማንም ምንም አያገኝም። አጎቱም ያዩትን ይንገሩዎትና እርስዎ ይመዝግቡ።

ለምሳሌ ጎማ ሲለጥፍ ይዩት። ካላማዳሪያውን አውጥቶ ይነፋዋል፤ በውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ በየተራ እያሽከረከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል፤ ቀዳዳዋን ሲያገኝ ምልክት ያደርግና አድርቆ ይሞርደዋል፤ ማስቲሽ ይቀባና ወዲያው ሳይለጥፍ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚረሱትን ያደርጋል፦ የቀዳዳውን ቦታ ከኮፐርቶኑ ጋር አስተያይቶ እሾሁ አሁንም ተሰክቶ እንደሆነ በጣቱ ይዳስሳል። እሾሁ ካልወጣ ማታውኑ እንደገና እንደሚተነፍስ ያውቃልና። በደብተሩ በሌላው በኩል የሚጻፈው ይህ ነው፦ ቅደም ተከተል ጠብቋል፣ መጠበቅ ባለበት ጊዜ ጠብቋል፣ ከውጤቱ ተነስቶ ምክንያቱን ፈልጓል። አእምሮው የዘገየ ልጅ ሥራ አይመስልም።

ሌላም ይመልከቱ። ፍሬን ሲፈታ ብሎኑንና ዳዶውን ዝም ብሎ ይጥላል ወይስ በፈታበት ተራ ጆንያ ላይ ይደረድራል? ደንበኛው ሲያስረዳ ሰምቶ ለአጎቱ ሳይዛነፍ ይደግማል? ለታናናሽ ልጆች ተረት ሲነግር ቃላቱ ይበዛሉ? የሰማውን ዜና በራሱ አባባል ያስረዳል? አንዳንዱ ልጅ ብርታቱ በእጁ ሳይሆን በቃሉ፣ ሰው በማግባባቱ፣ ወይም አንዴ የሰማውን ባለመርሳቱ ነው። የእርስዎ ልጅ ፊደሉን ሁሉ በዜማ መያዙ ራሱ ጠንካራ የጆሮ ትውስታ እንዳለው ያሳያል፤ እስካሁን እንደ ችግር ሲቆጠርበት ነበር እንጂ።

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። ልጁ ዕቃን ፈትቶ መግጠም ይወዳል፤ ፊደላችንም ፈትቶ ለሚገጥም ልጅ የተመቸ ነው። ከወፍራም ካርቶን 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላት «በ» ይቁረጡ። ሁለት እግር አላት። አጭር የካርቶን ጭረትና ከሽቦ የተጠቀለለች ትንሽ ቀለበት ያዘጋጁ። ጭረቱ ቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ሲቀመጥ «ቡ» ትሆናለች፤ ወደ እግሯ ጫፍ ሲወርድ «ቢ»። ግራ እግሯን ወደ ኋላ ሲያጥፉት ያጥርና «ባ» ትሆናለች። ቀለበቷን ቀኝ እግሯ ጫፍ ላይ ሲያደርጓት «ቤ»፣ ግራውን ዘርግተው ቀኝ እግሯን ሲያጥፉት «ቦ»። ልጁ ራሱ እየፈታ፣ እየገጠመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጥራት። «ብ»ን ለብቻዋ ያስጠኑት፤ ሳድስ እንደ ፊደሉ ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሠራ አንድ ሕግ የለውም። «ሰ» እና «ሸ» በኋላ ሲመጡ ከሞላ ጎደል የ«በ»ን ሕግ ስለሚከተሉ ልጁ ራሱ «ይሄኛውን አውቀዋለሁ» ይላል። ያን ቀን ይጠብቁት።

ዋናው ጥንቃቄ ተመሳሳይ ፊደላትን በአንድ ሳምንት አለማስተማር ነው። «በ» እና «ሰ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ» አይገናኙ፤ አንዷ በደንብ እስክትጸና ሌላዋ ትቆይ። በ«በ»፣ «ተ»፣ «መ»፣ «ደ» ቢጀምሩ ቤት፣ ቦታ፣ ዳቦ፣ ዱባ፣ ባዶ፣ ዶማ፣ ድመት የሚሉ እውነተኛ ቃላት ወዲያው ይወጣሉ። በሳምንት አንድ የፊደል ቤት፣ ለምሳሌ ከ«በ» እስከ «ቦ» ያሉት ሰባቱ፣ በቂ ነው። ሰባቱንም ያለ ተራቸው ተጠይቆ ሳያመነታ ካልመለሰ ወደ ቀጣዩ አይለፉ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ በተራ ሲጠራቸው ሰምቶ «ያዘ» ይልና ያልፋል፣ ከወር በኋላ ሁሉም ተደበላልቆ ይገኛል።

ጊዜው በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ይሁን። ከዚያ አይብለጥ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ የድሮዎቹን ካርዶች በውዘው ይጠይቁት። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ያለ ምንም ጽሑፍ በድምፅ ብቻ ይጫወቱ፦ «ዱባ በል። ባን በካ ተካው።» ዱካ። «ካን በላ ተካው።» ዱላ። «ዱን አውጣ፣ ምን ቀረ?» ላ። ይህ ጨዋታ ይመስላል፤ ዲስሌክሲያ የሚያደክመውን ክፍል በቀጥታ የሚያሠራው ግን ይህ ነውና አይዝለሉት። ከዚያ 7 ደቂቃ አዲሱን ፊደል፣ የመጨረሻውን 3 ደቂቃ አብራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሲሳሳት «ገምት» አይበሉት፤ ቃሉን በወረቀት ሸፍነው አንድ አንድ ፊደል እየገለጡ ያስጠሩት።

አማርኛ አንድ ወጥመድ አለው። መጥበቅና መላላት አይጻፍም። «ዋና» የሚለው ወንዝ ውስጥ የሚዋኝበትም፣ ከሁሉ የሚበልጠውም ነው፤ «ገና» በዓሉም፣ «ገና ነው» የምንለውም ነው። ልጁ ፊደሉን በትክክል ጠርቶ ማጥበቁን ቢስት ስህተት ብለው አይቁጠሩበት። «በዚህ ዓረፍተ ነገር የትኛው ይሆናል?» ብለው ይጠይቁት። የሰማውን የሚረዳ ልጅ እዚህ ላይ ይበረታል፤ ግምት የሚፈቀድለትም ፊደሉን ጠርቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ነው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ላይ ደግሞ አሁን አይጨቅጭቁት። ድምፃቸው አንድ ነው፤ ከነሱ በፊት የሚቀድም ብዙ ሥራ አለ።

በየሳምንቱ አርብ ከ40 እስከ 60 ቃላት ያላት አጭር ጽሑፍ ያስነብቡት። አንድ ደቂቃ ይያዙና በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠሩ። ሰኞ ያንኑ ጽሑፍ ይድገም፣ ረቡዕ ይድገም። ቁጥሩ ከራሱ ከባለፈው ሳምንት ጋር እንጂ ከሌላ ልጅ ጋር አይነጻጸርም። ጽሑፉን ከሚያውቀው ነገር ይጻፉለት፦ ጎማ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ካቴና ለምን እንደሚወልቅ። እሱ ይናገር፣ እርስዎ የተናገረውን በስምንት መስመር ይጻፉ፣ እሱ ያንብብ። የገዛ ቃሉ ስለሆነ ግማሹ ሸክም ይቀልለታል።

ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ያን ለሁለት የተከፈለ ደብተር፣ የስህተቶቹን ዝርዝርና የአርብ ቁጥሮቹን ይያዙ። «ልጄን እዩልኝ» ከማለት ይልቅ አራት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ ሳይዘጋጅ በክፍሉ ፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብ አይደረግ፤ የሰሌዳ ጽሑፍ ሙሉውን እንዲገለብጥ አይገደድ፣ ዋና ዋናው ተጽፎ ይሰጠው፤ በሳይንስና በሒሳብ ፈተና ጥያቄው ይነበብለት፣ መልሱንም በቃል ይስጥ፤ የሳይንስ መልሱ ልክ ሆኖ ሳለ በፊደል ግድፈት ነጥብ አይቀነስበት። የልዩ ፍላጎት መምህር በትምህርት ቤቱ ወይም በአቅራቢያው ካለ ያገናኟችሁ ዘንድ ይጠይቁ። የ6ኛ ክፍል ፈተና ሩቅ አይደለምና፣ ተጨማሪ ሰዓትና ጥያቄ የሚያነብለት ሰው እንዲፈቀድለት የሚጠይቅ ማመልከቻ ገና በዓመቱ መጀመሪያ ለርዕሰ መምህሩ ያስገቡ፤ ግልባጩን ለራስዎ ያስቀሩ። በፈተና ሰሞን የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይሳካም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት በ15 ዓመቱ ትምህርት ትቶ አባቱ ጋራዥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ1971 እና በ1973 ፎርሙላ ዋን በሚባለው የመኪና እሽቅድድም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዲስሌክሲያ እንዳለበት ያወቀው ግን 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፤ የገዛ ልጁ ሲመረመር እሱም ተመረመረ። ይህን ሰው «እነሆ ያለ ትምህርትም ይቻላል» ብሎ የሚጠቅስ ብዙ ነው። እኛ የሚታየን ሌላ ነው፤ ያን ያህል ዘመን ለምን ማንበብ እንዳቃተው የነገረው ሰው አልነበረም። የእርስዎ ልጅ በ11 ዓመቱ ሊያውቅ ይችላል።

ሙያውም ቢሆን ንባብ ይጠይቃል። የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሰው ሲኦሲ የሚለው፣ የተግባር ብቻ ሳይሆን የጽሑፍ ፈተናም አለው። መንጃ ፈቃድም እንዲሁ። ከሳይክል ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ መኪና ልሻገር ያለ ልጅ የዕቃ ቁጥር፣ የዘይት ዓይነት፣ የደንበኛ ደረሰኝ ማንበብ አለበት። ከአጎቱ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እና ቅዳሜ ይሥራ፤ ይህን ሰዓት ግን በፈተና ውጤት ቅጣት አይንጠቁት። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ንባብ ሲያቅተው መጀመሪያ የሚከለክለው የሚወደውን ሥራ ነው። እንዲህ ሲሆን ልጁ በቀኑ ውስጥ «እችላለሁ» የሚልበት አንድም ሰዓት አይቀረውም፤ የንባቡ 20 ደቂቃም ጠብ ይሆናል።

አባቱን በተመለከተ፣ ዲስሌክሲያ በዘር ይወርዳል ብለናል። እሳቸው በልጅነታቸው ንባብ እንዴት ነበር? ለብቻቸው፣ በርኅራኄ ይጠይቋቸው። ልጁን አጥብቀው የሚቆጡ አንዳንድ አባቶች ራሳቸው በዚያው ዱላ ያለፉ ናቸው። መልሳቸው ምንም ቢሆን አንድ ቅዳሜ ሳይክል መጠገኛው ይሂዱና ልጁ ፍሬን ሲገጥም ከጎኑ ይቀመጡ፤ ሳይናገሩ ይዩት።

ለልጁም ይንገሩት፤ ሁሉም ስለ እሱ ሲያወራ እሱ ብቻ አለማወቁ ይከብደዋል። እንዲህ ቢሉት ይበቃል፦ «ልጄ፣ ሰነፍ አይደለህም። ፊደልና ድምፅ ማገናኘት ለአንዳንድ ሰው ቶሎ አይመጣም፣ አንተም እንደዚያ ሳትሆን አትቀርም። እሾሁን ፈልገህ ስታወጣ አይቼሃለሁ። ፊደሉንም እንደዚያ ፈትተን እንገጥመዋለን፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ እኔና አንተ።»

12 ሳምንት ይሞክሩትና እንደገና ይጻፉልን። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አርብ ቁጥር፣ እስካሁን የሚያምታቱትን ፊደላትም ይላኩልን። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ የት ጋ እንደቆመ ከስህተቶቹ አይተን የሚቀጥለውን እንነግርዎታለን።